የቆየ ትራክተር ጌጆችና የማስጠንቀቂያ መብራቶች፦ ብልሽታቸውን መለየትና መለወጥ

በአርሲ ደጋ ትራክተር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በሕዝቡ አጠራር ካዱ፣ ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው ባለመሬቶች ትራክተር መግዛት ጀመሩ። በዚህም ምክንያት ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተነቀሉ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ግን ትራክተሩ ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ ገበሬዎች ማኅበራት ዞረ። ቀደም ሲል የመጡት ማሴ ፈርጉሰን፣ ፊያትና ፎርድ ነበሩ። በኋላ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ በተቋቋመው ፋብሪካ የተገጣጠሙ የቤላሩስ ትራክተሮች ተጨመሩ። ከእነዚህ መካከል ዕድሜያቸው ከነጂዎቻቸው የሚበልጥ ሆነው እስከ ዛሬ የሚያርሱ አሉ። ሞተራቸው በየጊዜው እየታደሰ ይሠራል፤ ከነጂው ፊት ለፊት ያለው ዳሽቦርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ትራክተር ላላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ዓላማውም የትኛው ጌጅ እንደተበላሸ፣ የትኛው ደግሞ እውነቱን እየተናገረ ሰሚ እንዳጣ ለመለየትና የተበላሸውን በአግባቡ ለመለወጥ እንዲረዳ ነው። የሥራ ኮሚቴዎች ስለ ጌጅ ሲጠየቁ «ያለ እሱም ያርሳል» የሚል መልስ መስጠት ለምደዋል። በእርግጥም ያርሳል። ነገር ግን የዘይት ግፊት የጠፋበት ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብሮንዚኑን አቅልጦ ክራንክ ሻፍቱን ይበላል። ይህ የሚደርሰው ደግሞ ሞተሩ ከባድ ሥራ ላይ በሚሆንበት ወቅት፣ ይኸውም ስንዴ በሚዘራበት በሰኔና በሐምሌ ነው። በዚያን ጊዜ ትራክተሩ ጋራዥ ሲተኛ የሚጎዳው ተራውን ሲጠብቅ የነበረው አባል ነው፤ መሬቱ ሳይታረስ ዝናቡ ያልፍበታል።

ዳሽቦርዱ ምን ይናገራል

በቆየ ትራክተር ላይ በመደበኛነት የሚገኙት የዘይት ግፊት ጌጅ ወይም መብራት፣ የውሃ ሙቀት ጌጅ፣ የባትሪ መሙያ መብራት ወይም አምፔር መለኪያ፣ የናፍጣ ጌጅና የሞተሩን ዙር ከሥራ ሰዓት ጋር የሚያሳየው መለኪያ ናቸው። ሁሉም እኩል ዋጋ የላቸውም። የናፍጣ ጌጅ ቢበላሽ ንጹሕ እንጨት ከታንኩ ውስጥ ነክሮ መለካት ይቻላል፤ ናፍጣው ፈጽሞ አልቆ ሞተሩ አየር እንዳይስብ መጠንቀቅ ብቻ ነው። የሥራ ሰዓት መለኪያው ኬብል ቢበጠስ ነጂው የሠራበትን ሰዓት በደብተር ይጽፋል፤ የዘይት መለወጫ ጊዜም በዚያ ይታሰባል። ያለ ዘይት ግፊት ምልክትና ያለ ሙቀት ጌጅ ግን ትራክተር ከመጠለያው መውጣት የለበትም። ማኅበሩ ገንዘብ የሚበቃው ለሁለት ዕቃ ብቻ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ያስቀድም።

የከፍታው ነገር

ስለ ሙቀት ጌጅ ከመናገራችን በፊት የአካባቢያችንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ወለል አጠገብ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። በዚህ ስሌት ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ አዳማ ላይ በ94 ወይም በ95 ዲግሪ፣ 2,200 ሜትር ከፍታ ባለው ቁሉምሳ በ93 ገደማ፣ አሰላ ላይ በ92፣ በቆጂ ላይ ደግሞ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የበቆጂ እናቶች ባቄላ ቶሎ አይበስልም የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

የራዲያተር ክዳን ተራ መክደኛ አይደለም። ከውስጡ ያለው ስፕሪንግና ጎማ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል። በቆዩ ትራክተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው፣ 7 የሚል ቁጥር ያለበት ክዳን፣ ግማሽ ባር ያህል ግፊት ይይዛል፤ በዚህም አሰላ ላይ የውሃው መፍያ ከ92 ተነሥቶ ወደ 105 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጎማው የተቀደደ ክዳን፣ ወይም እንደምናየው በጨርቅ የተወተፈ የራዲያተር አፍ፣ ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። በአብዛኛው ጌጅ ላይ ቀዩ መስመር የሚጀምረው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ክዳኑ የተበላሸ ትራክተር በቆጂ ላይ ጠቋሚው ቀዩን ከመንካቱ በፊት ውሃውን አፍልቶ ይጨርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ጌጁን የሚለውጥ ሰው ክዳኑንም አብሮ ማየት አለበት፤ ክዳኑ አጠራጣሪ ከሆነ እርሱን መለወጥ ይቀድማል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ጠለቅ ብለን ልናየው ይገባል። የሙቀት ጌጁ ሴንሰር የሚለካው የነካውን ነገር ነው። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ከቀረ ጠቋሚው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞተሩ ግን እየጋለ ነው። በአንድ ማኅበር ያጋጠመንን ለመጥቀስ ያህል፣ ነጂው «ጌጁ ይቀልዳል፤ ይወጣና ራሱ ይመለሳል» ብሎ ስላመለከተ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጌጅ ተለወጠለት። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሲሆን ሽቦው ተነቅሎ ሥራው ቀጠለ። በሦስተኛው ሳምንት የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነደደ፤ ቴስታታውም ተሰንጥቆ ተገኘ። ስናየው የውሃ ፓምፑ ቀስ ብሎ ያፈስ ነበር፤ ጠዋት የተሞላው ራዲያተር ከቀትር በፊት ይጎድላል። ጌጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነቱን ሲናገር ነበር። ኮሚቴው የጥገናውን ወጪ ከነጂው ደመወዝ ለመቁረጥ ወስኖ ነበር፤ ነገር ግን ጠቋሚው ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ ለነጂው የነገረው ሰው አልነበረምና ውሳኔው ትክክል ነው ለማለት አንደፍርም። እንዲህ ያለ ምልክት የታየ እንደሆነ ሞተሩ ወዲያው ይቁም፤ እስኪበርድ ይጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ የውሃው ልክ ይታይ። ትኩስ ራዲያተር ፈጽሞ አይከፈትም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ተቃራኒው ችግር ደግሞ ጠቋሚው ቀኑን ሙሉ ከቀዝቃዛው አለመነሣቱ ነው። ብዙ ጊዜ ጌጁ ይወቀሳል እንጂ ጥፋቱ ቴርሞስታቱ ወጥቶ መጣሉ ነው። ቴርሞስታት ማውጣት በቆላ የተጀመረ ልማድ ሲሆን ለደጋ ፈጽሞ አይሆንም። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሠራ ናፍጣው በደንብ አይነድም፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ሲሊንደሩም ይበላል። ቴርሞስታቱ መኖሩ ሳይረጋገጥ ጌጅ አይገዛ።

የሙቀት ጌጅን መፈተን

ከሁሉ የሚታመነው ፈተና የፈላ ውሃ ነው። ሴንሰሩ ከሞተሩ ይፈታና ጫፉ ብቻ በጣሳ ውሃ ውስጥ ይነከር። ጌጁ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የሴንሰሩ አካል በሽቦ ከትራክተሩ አካል ጋር ይገናኝ፤ ያለዚያ አይሠራም። ጣሳው በምድጃ ላይ ይጣድና ውሃው ሲፈላ ጌጁ ይነበብ። አሰላ ላይ 92 ገደማ ካሳየ ጌጁ ደኅና ነው። አንዳንድ መካኒኮች ውሃ ሲፈላ 100 ማሳየት አለበት ብለው ደኅናውን ጌጅ ሲጥሉ፣ ከዚህም ብሶ መስታወቱን ከፍተው ጠቋሚውን ሲያጣምሙ ታይቷል። ቴርሞሜትር ከተገኘ በጣሳው ውስጥ አብሮ ተነክሮ በ60 እና በ80 ዲግሪም ቢነጻጸር የተሻለ ነው። በሦስት ወይም በአራት ዲግሪ መለያየት አያሳስብም።

የሴንሰሩን ሽቦ ነቅሎ የሞተሩን አካል በማስነካት ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ ማየትም የተለመደ ፈተና ነው። ይህ ግን ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቻ መደረግ አለበት፤ ከዚያ በላይ ጌጁን ያቃጥለዋል። የሁሉም ጌጅ አሠራር አንድ ስላልሆነ ጠቋሚው ወደ የት እንደሚሄድ ሳይሆን መንቀሳቀሱን ብቻ ማየት ይበቃል። ከተንቀሳቀሰ ጌጁና ሽቦው ይሠራሉ፤ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ፊውዙ፣ በተለምዶ ባልቦላ የሚባለው፣ ሽቦውና ከጌጁ ጀርባ ያሉት መያዣዎች በቅደም ተከተል ይታዩ። የናፍጣና የሙቀት ጌጆች በአንድነት ከሳቱ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተበላሹ ማለት ዘበት ነው። በብዙ ትራክተሮች ላይ ለሁለቱም እኩል ቮልት የሚያድል አንድ ትንሽ ሣጥን ከዳሽቦርዱ ጀርባ አለ፤ እርሱ ወይም ከትራክተሩ አካል ጋር የሚገናኝበት ብሎን ይመርመር።

የዘይት ግፊት

የዘይት መብራት አሠራር ቀላል ነው። ከባትሪ የመጣው ኤሌክትሪክ በቁልፉ በኩል አምፖሉን አልፎ ሞተሩ ላይ ወዳለው የግፊት ማብሪያ ይሄዳል። ግፊት ሳይኖር ማብሪያው ስለሚገናኝ መብራቱ ይበራል፤ ግፊት ሲመጣ ይለያያልና ይጠፋል። ስለዚህ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ መብራት አለበት። ነጂው በየማለዳው ይህን ሳያይ ሞተር ማስነሣት የለበትም። የማይበራ መብራት ሁሉም ደኅና ነው ከሚል መብራት ጋር ይመሳሰላል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ቁልፉ ሲከፈት ካልበራ ሽቦው ከማብሪያው ተነቅሎ የሞተሩን ንጹሕ ብረት ያስነካ። ከበራ ማብሪያው ሞቷልና ይለወጥ። ካልበራ አምፖሉ ወይም መስመሩ ነው። ሞተሩ እየሠራ የሚበራ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በመጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ፤ የዘይቱ ልክ ይታይ። ከዚያም ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ሽቦው ይነቀል። ሽቦው ተነቅሎም መብራቱ ካልጠፋ መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ተልጦ የትራክተሩን አካል እየነካ ነው ማለት ነው። ከጠፋ ግን «ማብሪያው ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ግፊቱ በእውነት ወርዶ ሊሆን ይችላልና። ይህን የሚለየው በማብሪያው ቦታ ላይ የሚታሰር የእጅ ግፊት መለኪያ ብቻ ነው። አንድ መለኪያ ከተገጣጣሚዎቹ ጋር ለብዙ ማኅበራት ስለሚበቃ በወረዳ ወይም በዩኒየን ደረጃ ተገዝቶ በውሰት ቢዘዋወር መልካም ነው።

በሚለካበት ጊዜ ሞተሩ የሞቀና በሥራ ዙር ላይ ያለ መሆን አለበት። የማሴ ፈርጉሰን 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ከ30 እስከ 60 ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ ማለትም ከ2 እስከ 4 ኪሎ ገደማ በካሬ ሳንቲ ሜትር ማሳየት ይገባዋል። የቤላሩስ ዲ-240 ሞተር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያሳያል። ግፊቱ ከዚህ በታች ከሆነ ችግሩ የጌጅ አይደለም፤ ሞተሩ ለጥገና ይግባ። መብራቱን በናስትሮ ሸፍኖ ሥራ መቀጠል የታየ ድርጊት ስለሆነ እንጂ መጻፍም ባላስፈለገ ነበር።

ቤላሩስን ጨምሮ በብዙ ትራክተሮች ላይ መብራት ሳይሆን በቀጭን ቱቦ ዘይቱን ራሱን እስከ ዳሽቦርዱ የሚስብ ጌጅ አለ። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ስለማይፈልግ ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ቱቦው ሲቆረጥ ትኩስ ዘይት በነጂው እግር ላይ ይረጫል፣ ሞተሩም ዘይቱን ይጨርሳል። አዲስ የመዳብ ቱቦ ሲገጠም በመካከሉ አንድ ወይም ሁለት ዙር ጥምዝ ይደረግለት። ጥምዙ የሞተሩን ንዝረት ይውጣል፤ ያለ እርሱ ቱቦው ከመጋጠሚያው አጠገብ ይሰነጠቃል። ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ብረት በሚነካበት ቦታ ሁሉ ቁራጭ ጎማ ይልበስ።

መለወጥ

ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይነቀል። በመጀመሪያ የሚፈታው ከትራክተሩ አካል ጋር የተገናኘው ነው፤ መልሶ ሲታሰርም እርሱ መጨረሻ ይሆናል። በአብዛኛው ትራክተር ይህ ኔጋቲቩ ነው፤ በቀደምት ፈርጉሰኖች ላይ ግን ፖዘቲቩ ሆኖ ይገኛል። ሳይታይ በልማድ አይሠራ። ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት እያንዳንዱ በናስትሮ ላይ ቁጥር ተጽፎበት ይታሰር። የእጅ ስልክ ያለው ፎቶግራፍ ቢያነሣ ሥራውን ያቀልለታል።

የውሃ ሙቀት ሴንሰር ሲለወጥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ውሃው ከሴንሰሩ በታች እስኪሆን ድረስ ብቻ ይቀዳ። አዲሱ ሴንሰር በመጀመሪያ በእጅ ይገባ፤ በእጅ ሦስት አራት ዙር ካልሄደ ጥርሱ አይስማማምና በቁልፍ አይገደድ። ቴስታታው ላይ የተበላ ጥርስ ከአሥር ጌጅ በላይ ያስወጣል። የአንድ ሽቦ ሴንሰር ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ነጭ የቧንቧ ፕላስቲክ በብዛት አይጠቅለልበት፤ ብዙ ጊዜ «አዲሱም አይሠራም» የሚባለው በዚህ ነው። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ።

በፈሳሽ የተሞላ ረጅም ቀጭን ቱቦ ያለው የሙቀት ጌጅ ግን ከጌጁ እስከ ጫፉ አንድ ዕቃ ነው። አይቆረጥም፣ አይቀጠልም፣ አይበየድም። ትርፍ ቱቦ ቢኖር በሰፊው ተጠቅልሎ ይታሰር እንጂ አይታጠፍ።

የባትሪ መሙያ መብራትን በሚመለከት አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። ኦልተርኔተር ባለው ትራክተር ላይ ያ ትንሽ አምፖል ምልክት ብቻ አይደለም፤ ኦልተርኔተሩ ማመንጨት የሚጀምርበት የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእርሱ ነው። አምፖሉ ሲቃጠል ኦልተርኔተሩ መሙላት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ደኅና ኦልተርኔተር ከመፍታት በፊት አምፖሉ ይታይ። የሚተካውም ያው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ የ12 ቮልት 2.2 ዋት፣ ይሁን። በቅርብ ጊዜ ገበያ የገባው ኤል ኢ ዲ አምፖል በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ለዚህ ቦታ አይሆንም።

አምፔር መለኪያ ያላቸውን ትራክተሮች በተመለከተ የእኛ አስተያየት ሲበላሽ በቮልት መለኪያ ቢተካ ነው። በአምፔር መለኪያው ውስጥ ባትሪውን የሚሞላው ኤሌክትሪክ ሁሉ ያልፋል። ለአሮጌ ዲናሞ የተሠራ መለኪያ በኋላ ለተገጠመ ትልቅ ኦልተርኔተር አይበቃም፤ መያዣው ከላላ ደግሞ ይግላል፣ ደረቅ ገለባ በሞላበት ዳሽቦርድ ጀርባም እሳት ያስነሣል። የቮልት መለኪያው አንዱ ሽቦ ከቁልፉ በኋላ፣ ሌላው ከትራክተሩ አካል ጋር ይገናኛል። ከአሮጌው አምፔር መለኪያ የተነቀሉት ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች ግን በጠንካራ ብሎን እርስ በርሳቸው ተገናኝተው በደንብ መሸፈን አለባቸው፤ ያለዚያ ትራክተሩ ኤሌክትሪክ አያገኝም። ሞተሩ ቆሞ 12.5 አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየ ባትሪውም መሙያውም ደኅና ናቸው። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ በቅድሚያ ቺንጋው መላላቱ ይታይ።

ስለ ግዢ

ጌጅና ሴንሰር ጥንድ ናቸው። የአንዱ ፋብሪካ ሴንሰር ከሌላው ጌጅ ጋር ቢገጠም ጥርሱ እንኳ ቢስማማ የሚያሳየው ቁጥር ሐሰት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ አዳማ የሚላከው ሰው አሮጌውን ሴንሰርና ጌጅ ይዞ ይሂድ፤ ተመሳሳዩ ካልተገኘ ሁለቱን በአንድ ላይ ይግዛ። የሚበዛው የገበያ ዕቃ አስመስሎ የተሠራ በመሆኑ ከመገጠሙ በፊት ከላይ በተገለጸው የፈላ ውሃ ይፈተን። ሻጩ ከተስማማ እዚያው ቢፈተን ይመረጣል፤ ነገር ግን አዳማ ላይ የፈላ ውሃ የአሰላው አለመሆኑ አይረሳ።

ይህ ሁሉ ሥራ በግንቦት፣ የዘር ጊዜ ከመድረሱ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ኮምባይነር ያላቸው ማኅበራትም ያንኑ ምርመራ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት በጥቅምት ያድርጉ፤ በኮምባይነር ላይ ራዲያተሩ በገለባና በአቧራ ስለሚደፈን የሙቀት ጌጁ ከትራክተሩ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከተለወጠ በኋላ ሞተሩ ሳይጫን ለግማሽ ሰዓት ይሥራ። ነጂው በየአምስት ደቂቃው የሁለቱን ጌጆች ንባብ በደብተር ይጻፍ፤ የተጻፈውም ከመቀመጫው አጠገብ ይለጠፍ። በኋላ ሌላ ነጂ ቢተካ የዚያ ትራክተር ደኅና ንባብ ስንት እንደሆነ ከዚያ ያገኘዋል።